ፉል ፍሬም ወይስ ክሮፕ? በ1,500 ዶላር የተነሳው ክርክር

ከፎቶ መድረካችን አስተናጋጆች አንዱ ነኝ። በየወሩ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ይመጣና ያንኑ ይጠይቃል፦ ፉል ፍሬም ልግዛ ወይስ ክሮፕ? አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሰው ይመልስለትና ይረሳል። የሰሞኑ ክር (በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደሩት ምላሾች) ግን ለየት ያለ ነው። ብዙ ዕውቀት አለበት፤ ጭቅጭቅም አለበት። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል ጽፌያቸዋለሁ። የመሰለኝንም በየመሀሉ እላለሁ።

ጥያቄውን የለጠፈው የሐዋሳ ልጅ ነው። ቅዳሜና እሑድ በረዳትነት ሰርግ፣ ምረቃና ልደት ያነሳል። ካሜራው የአለቃው ነው። ሜሪላንድ የሚኖር ታላቅ ወንድሙ ለፋሲካ ሲመጣ ካሜራ ይዤልህ እመጣለሁ ብሎታል። ጣሪያው 1,500 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ሳንቲም የለም። ልጁ ሁለት ካኖኖች መርጧል፦ ፉል ፍሬሙን አር ፒ እና ክሮፑን አር10። አለቃው ግን በክሮፕ ሰርግ የሚያነሳ ሰው ማንም አይጠራውም ብሎ አስፈራርቶታል። እና ፉል ፍሬሙ ለዋጋው ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄው።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፦ ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ ነው፤ ክሮፕ የሚባለው ሴንሰሩ ከዚያ ያነሰው ነው። የካኖን ክሮፕ 22.3 በ14.9 ገደማ ነው። የኒኮን፣ የሶኒና የፉጂ ክሮፕ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ 23.5 በ15.6 አካባቢ።

1ኛው ምላሽ የተረጋጋ ነው። ምርጫ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀ። ሥራው በብዛት ቀን ነው ወይስ ማታ? ቪዲዮ ይጠየቃል ወይ? ሌንስና ፍላሽስ 1,500ው ውስጥ ናቸው ወይስ ለብቻ? 2ኛው የልጁ መልስ ነው። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ማታ። ቪዲዮ አልፎ አልፎ። ሌንሱም ፍላሹም እዚያው ውስጥ። በእኔ እምነት ጉዳዩ እዚህች መልስ ላይ ግማሽ ያህሉ አልቆ ነበር። ግን ልብ ያላት የለም።

3ኛው የጻፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሜሪላንድ የሽያጭ ግብር 6 በመቶ መሆኑን አስታወሰ። ስለዚህ 1,500 ዶላር የያዘ ሰው ዕቃ የሚገዛው በ1,415 ነው። ብዙዎቻችን ኢንተርኔት ላይ የምናየው ዋጋ ግብሩ ያልገባበት ነው፤ ወንድምየው ሒሳብ ሲከፍል እንዳይደነግጥ ከወዲሁ መነገሩ ጥሩ ነው። የካኖን አሜሪካ ዋስትናም እዚያው አገር የሚሠራ ስለሆነ፣ ካሜራው ሐዋሳ ገብቶ ቢበላሽ ማሠሪያው ከልጁ ኪስ ነው አለ።

4ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ክሮፕ የሚገዛ ሁለቴ ይገዛል አለ፤ ዛሬ ክሮፑን፣ ነገ ደግሞ ፉል ፍሬሙን። ስለዚህ ተበድረህም ቢሆን አንዴ ትልቁን ግዛ ነው ምክሩ። 5ኛው ደግፎት የራሱን ታሪክ አመጣ። መጀመሪያ የካኖን ክሮፕ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. (የድሮውን ባለ መስታወት ካሜራ) ገዝቶ፣ ለክሮፑ ብቻ የተሠሩትን፣ ኢ.ኤፍ.-ኤስ የሚባሉትን ሌንሶች ሰብስቦ ነበር። ፉል ፍሬም ሲገዛ ሌንሶቹ አልገጥም አሉት። ያገኘውን ተቀብሎ ሸጣቸው። ንዴቱ ከጽሑፉ ይነበባል።

6ኛው በጨዋ ቋንቋ አረማቸው። ያ የድሮዎቹ ጣጣ ነው አለ። አር ፒና አር10 ባሉበት በአዲሱ የአር.ኤፍ. መስመር የክሮፑ ሌንስ ፉል ፍሬሙ ላይ ይገጥማል፤ ካሜራው ራሱ ምስሉን ከመሀል ይቆርጠዋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ የአር ፒ 26 ሜጋፒክስል ወደ 10 ይወርዳል። በተቃራኒው የፉል ፍሬም ሌንስ ክሮፕ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ስለዚህ ዛሬ ክሮፕ ገዝቶ ነገ ማደግ የሚያስብ ሰው ቢያንስ አንዱን ሌንስ ከፉል ፍሬሙ ወገን ይግዛ ነው ያለው። ትክክለኛ ምክር ነው።

7ኛው ምላሽ የክሩ እንቁ ነው። ነገርን ከሥሩ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ካኖን የመጀመሪያውን ፉል ፍሬም ዲጂታሉን፣ ዋን ዲ ኤስን፣ በ2002 ሲያወጣ ዋጋው 7,999 ዶላር ነበር። በዓመቱ 300ዲ የተባለው ክሮፕ ቦዲው (ካሜራው ያለ ሌንስ) በ899 ወጣ። በሁለቱ መካከል 7,100 ዶላር! ያኔ ጥያቄው ጥያቄም አልነበረም፤ ፉል ፍሬም የትላልቅ ድርጅቶች ዕቃ ነበር። በ2005 ፋይቭ ዲ በ3,299 መጣ። በ2012 ሲክስ ዲ በ2,099። በ2013 ሶኒ ኤ7ን በ1,699 ለቀቀ። በ2019 ደግሞ ልጁ የጠየቀው አር ፒ በ1,299 ገበያ ገባ። ክሮፖቹ ግን ያን ያህል አልረከሱም። እንዲያውም ጥሩ ጥሩዎቹ ተወደዱ፤ በ2022 የወጣው የፉጂው ኤክስ-ቲ5 ክሮፕ ሆኖ ሳለ 1,699 ዶላር ነበር። ከአር ፒ በ400 ይበልጣል ማለት ነው። ፉል ፍሬም ውድ፣ ክሮፕ ርካሽ የሚለው አባባል ከድሮ ዘመን የተረፈ ነው፤ ይህን ያሳየን ይህ ሰው ነው።

8ኛው ግን ድሮስ ለምን እንዲያ ተወደደ ብሎ ጠየቀ። 9ኛው መለሰለት። ሴንሰር የሚሠራው ከክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ እየተቆረጠ ነው። ካኖን ራሱ በ2006 ባወጣው ማብራሪያ፣ ከአንድ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ዝርግ ወደ 200 የክሮፕ ሴንሰር ሲወጣ ፉል ፍሬም ግን 20 ገደማ ብቻ እንደሚወጣ ጽፏል። ስፋቱ የሚበልጠው በ2.6 እጥፍ ነው፤ ታዲያ ቁጥሩ እንዴት በአሥር እጥፍ ያንሳል? ትልቅ አራት ማዕዘን ክብ ውስጥ ሲደረደር ጠርዙ በከንቱ ይቀራል። ከዚህ የባሰው ግን ጉድፉ ነው። ዝርጉ ላይ ያለች አንዲት ጉድፍ የነካችውን ሴንሰር ሙሉ በሙሉ ታስጥላለች። ሴንሰሩ ሲሰፋ ደግሞ ጉድፍ የማያገኘው ጥቂት ነው። ሙያው እየተሻሻለ ሲሄድ የሚጣለው ቀነሰ፤ ዋጋውም አብሮ ወረደ።

10ኛው አጭር ነው፤ ጨዋታውን የቀየረው ግን እሱ ነው። አር ፒ በ1,299 ይውጣ እንጂ ቆይቶ 999 ገብቷል አለ። አር10 በ2022 ሲወጣ ቦዲው 979 ነበር። ልዩነቱ 20 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ እኔ የምለው አለኝ። ልጁም አለቃውም፣ 4ኛውም 5ኛውም የተከራከሩት ስለ ቦዲ ዋጋ ነው። ቦዲው ላይ ግን ልዩነቱ 20 ዶላር ከሆነ ክርክሩ ባዶ ሆነ ማለት ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ከቦዲው ፊት ምን ይገጠማል? ከላዩስ ምን ፍላሽ ይቀመጣል? ሰው ካሜራ ሊገዛ ሲነሳ ዓይኑ ቦዲው ላይ ያርፋል። ኪሱን የሚያራቁተው ግን ሌንሱ ነው።

11ኛዋ ይህንኑ ቁልጭ አድርጋ አሳየች። አዲስ አበባ ሰርግ የምታነሳ እህታችን ናት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ የተቀመጠች ነው የሚመስለው። ዋጋዎቹ ያኔ የነበሩት ናቸው። አር ፒ 999፣ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ1.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል) 199፤ ድምሩ 1,198፣ ከግብር ጋር 1,270። ይህ ጥሩ ይመስላል። ግን ሌንሱ አንድ ነው፤ አይሰፋም፣ አይጠብም። ዙም ይሁን ከተባለ 24-105ቱ (ኤፍ4-7.1 የሚባለው ርካሹ) 399 ነው፤ ከአር ፒ ጋር በግብር 1,482 ይሆናል። ለፍላሽ የሚተርፍ የለም፤ ሌንሱም ማታ ጨለማ ነው። አር10 አብሮት ከሚሸጠው ከ18-45 ኪት ሌንሱ ጋር 1,099፤ 50ውን ስትጨምርበት 1,298፤ ከግብር ጋር 1,376። 124 ዶላር ይተርፋል። በዚያ ፍላሽ ይገዛል።

ከዚያ የመልስ ቤት ነገር አነሳች። ሰርግ ያነሳ ሁሉ ያውቀዋል። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፣ መሀል ላይ የምግብ ጠረጴዛ አለ። የሙሽራዋ አክስቶች፣ አጎቶች፣ ሕጻናቱ ሁሉ አንድ ላይ እንነሳ ይላሉ። ፎቶ አንሺው ጀርባው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። 50 ሚሊ ሜትር ይዞ የቆመ ሰው፣ ፉል ፍሬምም ይሁን ክሮፕ፣ ጫፍና ጫፍ ያሉትን አክስቶች ይቆርጣቸዋል። አክስት ተቆርጣ ደግሞ ሰላም የለም! የአር10 ኪት ሌንስ ግን በ18 ሲከፈት፣ 29 ሚሊ ሜትር ፉል ፍሬም ላይ የሚያሳየውን ያህል ያሳያል (ቁጥሩ ሲያንስ የሚታየው ይሰፋል)፤ ሁሉም ይገባሉ። ብርሃኑ ያንሳል፤ እሱን ደግሞ ፍላሽ ይሞላዋል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ መልስ በክሩ ውስጥ አላየሁም።

ከ12 እስከ 14 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። 12ኛው 50 ሚሊ ሜትር ክሮፕ ላይ ሲገባ 80 ሚሊ ሜትር ይሆናል አለ። 13ኛው ተቆጣ፤ ሌንስ ያው ሌንስ ነው፣ የሚጠበው የሚታየው ስፋት ነው አለ። 14ኛው የሁለቱንም ስህተት ልንገራችሁ ብሎ ገባና ክሮፕ ላይ ኤፍ1.8 ወደ ኤፍ2.9 ስለሚሆን ብርሃኑም ይቀንሳል አለ። ይህ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስህተት ነው። የጀርባው ድብዝዝታ በእርግጥ የኤፍ2.9 ያህል ይሆናል። ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እና አይ.ኤስ.ኦ. (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ሲሞላ ግን ኤፍ1.8 ኤፍ1.8 ነው፤ የፎቶው ድምቀት አይለወጥም።

15ኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። የአዳራሹን ነገር አነሳ። ሙሽሮቹ ሲገቡ መብራት ይጠፋል፣ ሐምራዊ ኤል.ኢ.ዲ. ይበራል፣ ጭስ ይለቀቃል። በኤፍ1.8፣ በ1/160 ሴኮንድ፣ 6400 አይ.ኤስ.ኦ. ድረስ ይወጣል። የካኖን ፉል ፍሬም ከክሮፑ 2.56 እጥፍ ስለሚሰፋ፣ በ6400 የሚሰጠው ጥራት ክሮፑ በ2500 ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። የፉል ፍሬም እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ግን ያው ሰው ቀጠለ። ፍላሹን ወደ ነጭ ጣሪያ አዙሮ የሚያነሳ ሰው 800 አይ.ኤስ.ኦ. ይበቃዋል፤ በ800 ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ደንበኛ የለም። ጣሪያው ከፍ ካለ ወይም በጥቁር ጨርቅ ከተሸፈነስ? ያኔ ፍላሹን ማቆሚያ ላይ አድርጎ በጃንጥላ መተኮስ ነው።

16ኛው ከጎንደር ነው። ማታ ማታ አልሠራም፣ ጥምቀት ነው የማነሳው አለ። ምላሹ ደስ ብሎኛል፤ የጉዳዩን ሌላ ጎን ስላሳየ። አፄ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆሞ በወዲያኛው ዳር ወደ ውሃው የሚዘሉትን ወጣቶች ለማንሳት ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል። 200 ሚሊ ሜትር የካኖን ክሮፕ ላይ ፉል ፍሬም ላይ 320 የሚሰጠውን ያሳያል። ለዚያ ርዝመት ፉል ፍሬም ላይ የሚከፈለውን ያውቀዋል። ሁለተኛው ነገሩ ነጠላ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ ነጩ ነጠላ ላይ ሲያርፍ፣ ከነጠላው ሥር ያለው የጠይም ሰው ፊት ጥላ ውስጥ ይቀራል። ነጠላው ባዶ ነጭ ሆኖ እንዳይቀር ብርሃኑን አሳንሶ አንስቶ፣ በኋላ ጥላውን ኮምፒውተር ላይ ያፈካዋል። ጥላው ሲፈካ የሚቆሽሽ ሴንሰር ለእሱ አይሆንም። በ2017 የወጣው ሲክስ ዲ ማርክ ቱ ፉል ፍሬም ሆኖ ሳለ በ100 አይ.ኤስ.ኦ. ጥላው ሲፈካ በጥራት ከካኖን የራሱ ክሮፕ ከ80ዲ ማነሱ በወቅቱ ብዙ ተወርቶበታል። የአር ፒ ሴንሰር የዚያው ዘመድ ነው። ትልቅ ሴንሰር ሁልጊዜ ይበልጣል የሚሉ ሰዎች ይህን ምላሽ ደጋግመው ቢያነቡት እወዳለሁ።

17 ላይ ነገሩ ከረረ። 4ኛው ሰውዬ ተመልሶ መጣና ገበያውን ያበላሹት በርካሽ ካሜራ ሰርግ የሚነኩ ናቸው አለ። 18ኛዋ ያችው የአዲስ አበባዋ እህታችን ናት። ልክ ልኩን ነገረችው። ከደንበኞቹ መካከል የሴንሰሩን ስፋት የጠየቀው ስንቱ እንደሆነ ጠየቀችው። የሙሽራው እናት አልበም ሲደርሳት የምታየው ልጇ ሲስቅ መያዙን፣ የራሷ ፊትም መብራቱን ነው አለች። 19 ላይ ሰውዬው ልደት ላይ ብትወሰን እንደሚሻላት ጽፎ አንዲት ስድብ ጨመረበት። ስድቡን አጥፍቻለሁ፣ 20ኛው የእኔ ማስጠንቀቂያ ነው። እዚህ መድረክ ላይ በሰው ሥራ እንከራከራለን እንጂ ሰውን አናዋርድም።

21ኛውን የጻፉት አንድ አባት ናቸው፤ ቤቱ በአንዴ ቀዘቀዘ። በወጣትነታቸው ፒያሳ ፎቶ ቤት ሠርተዋል። በእሳቸው ጊዜ የስቱዲዮ ካሜራ ማለት ባለ 120 ፊልሙ ነበር። በካሬ ሲያነሳ የምስሉ ስፋት 56 በ56 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ፉል የምንለው 36 በ24 ለእነሱ ትንሹ ፊልም ነበር፤ ለመንገድ፣ ለሽርሽር የሚሆን። 56 በ56 ከዛሬው ፉል ፍሬም ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ይሰፋል። ያን ትንሹን ልክ ያመጣው ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ ነው። በሌይትስ ፋብሪካ ሲሠራ የሲኒማ ፊልም ወስዶ የፍሬሙን ስፋት እጥፍ አደረገው፤ ካሜራው በ1925 ላይካ ተብሎ ገበያ ወጣ። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ካሜራ ይዛችሁ አትጣሉ ነው ያሉት፣ በአባት ወግ። ምስጋናው ጎረፈ። ከ22 እስከ 24 ጋሼ እያሉ ስለ ፒያሳ ፎቶ ቤቶች የጠየቋቸው ናቸው። ፎቶው በእጅ ቀለም ይቀባ እንደነበር፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ ነገሩን። ከካሜራ ዋጋ ጋር አይገናኝም፤ ግን ለብቻው ክር ይገባዋል፣ እከፍትላቸዋለሁ።

25ኛው ሦስተኛ መንገድ አለ ብሎ መጣ። አዲስ ለምን ይገዛል? ያገለገለ ሲክስ ዲ ፉል ፍሬም ነው፤ ዛሬ ከአዲስ ክሮፕ በጣም ይረክሳል። የፎከስ ነጥቦቹ 11 ብቻ ናቸው፤ የመሀሏ ግን ጨለማ ውስጥ ጎበዝ ናት። ለእሱ የሚሆነው 50 ሚሊ ሜትሩ የኢ.ኤፍ. (የድሮው የካኖን መስመር) ሌንስ አዲስ ሆኖ እንኳ 125 ዶላር ነበር የወጣው። ከዋጋ አንጻር ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ አልጥለውም። 26ኛው ግን የደረሰበትን ተናገረ። ያገለገለ ካሜራ ከአንድ ሱቅ ገዛ። ብዙም አልተነሳበትም ተብሎ ነበር። ሰርግ መሀል ላይ ሻተሩ (ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ተሰበረ፤ ሲያስመረምረው ከታሰበለት ዕድሜ በላይ ሠርቷል። የሲክስ ዲ ሻተር የተሠራው ለ100,000 ጊዜ ነው። 27ኛው ሲገዛ ምን ማየት እንደሚገባ ዘረዘረ። ሻተር ካውንቱን (ስንት ጊዜ እንደተነሳበት የሚናገረውን ቁጥር) በኮምፒውተር አስነብቡ። ነጭ ግድግዳ በኤፍ16 አንስታችሁ ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ ፈልጉ። የሌንስ መግጠሚያው ብረት የተፋቀ መሆኑን እዩ። የባትሪ ቤቱ ዝገት እንዳይኖረው። ሻጩ ይህን ሁሉ እንዳታዩ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ ትታችሁ ውጡ። ይህን ሁሉ ደግሞ ሐዋሳ ያለው ልጅ ሳይሆን ሜሪላንድ ያለው ወንድሙ ነው የሚያደርገው፤ ወንድምየው ካሜራ የማያውቅ ከሆነ ያገለገለ መግዛት ዕጣ ማውጣት ይሆናል።

28ኛው የብሶት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዕቃ በዶላር እያሰበ መግዛት አቁሜያለሁ አለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሰርግ ክፍያ ግን እንደዚያ አልጨመረም። 29ኛው ጥፋቱ የራሳችን ነው፣ ዋጋ እየሰበርን የምንነጣጠቀው እኛው ነን አለ። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ካሜራ ላይ ኪስን ባዶ ማድረግ የማልደግፈው። ካሜራው በመጀመሪያው የሰርግ ወቅት የራሱን ገንዘብ ካልመለሰ ሌንስም አይገዛም፣ ጥገናም አይኖርም።

30ኛው ቪዲዮ የተረሳ መሆኑን አስታወሰ። አር ፒ 4ኬ (ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቪዲዮ) ሲቀርጽ ሙሉ ሴንሰሩን አይጠቀምም፤ ከመሀል ቆርጦ የክሮፕ ያህል ያደርገዋል። ፈጣኑ የፎከስ ዘዴውም በ4ኬ አይሠራም። ሙሽራዋ ወደ ካሜራው ስትራመድ ፎከሱ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። አር10 በ30 ፍሬም በሙሉ ስፋቱ ይቀርጻል፣ ፎከሱም ይከተላል። ቪዲዮ አልፎ አልፎ ቢጠየቅም፣ የሚጠየቀው ሰርግ ላይ ነው። ሰርግ ደግሞ አይደገምም።

31 ላይ ልጁ ተመለሰ። ሁሉንም አንብቧል፤ ሁሉንም አመስግኗል፣ 4ኛውንም ጭምር። አር10ን ከኪት ሌንሱና ከ50 ሚሊ ሜትሩ ጋር ወስኗል። በተረፈው 124 ዶላር ጎዶክስ ቲቲ600 ፍላሽ፣ 65 ዶላር ገደማ፣ በቀሪው ሚሞሪ ካርድና አንድ ትርፍ ባትሪ። ባትሪውን የመረጠበት ምክንያት አሪፍ ነው። አለቃው አር ፒ ስላለው፣ ሁለቱ ካሜራዎች ደግሞ አንድ ዓይነት ባትሪ ስለሚጠቀሙ፣ ሰርግ ላይ ይዋዋሳሉ። 32ኛው እንዲህ አለ፦ ሲያድግ መጀመሪያ የሚገዛው ቦዲ ሳይሆን ሲግማ በ2024 ለካኖን አር.ኤፍ. ክሮፕ ያወጣው 18-50 ኤፍ2.8 ይሁን። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለፉል ፍሬም ተመሳሳዩ የካኖን 24-70 ኤፍ2.8 በ2019 ሲወጣ 2,299 ዶላር ነበር። የጀርባ ድብዝዝታው የዚያን ያህል አይሆንም፤ የሚገባው ብርሃንና ምቾቱ ግን ለሰርግ በቂ ነው።

4ኛው ሰው 33 ላይ ተመልሶ አሁንም በሐሳቡ እንደጸና ተናገረ። ግን ድምፁ ለዘብ ብሏል። ለማታ ሥራ ቢያንስ ፉል ፍሬም ተከራይተህ ሞክር አለው። ይህ ደግሞ ጥሩ ምክር ነው። ተከራይቶ አንድ ማታ መሥራት ከሠላሳ ምላሽ ይበልጣል።

34ኛው አዲስ ሰው ነው። ክሩን አንብቦ ክሮፕ ለመግዛት ቆርጧል፤ ገንዘቡ ግን ለአር10 አይደርስም። ካኖን 2000ዲ ልግዛና እኔም ያንን ቲቲ600 ልጫንበት ወይ ብሎ ጠየቀ። 35ኛው ፈጥኖ አስቆመው። 2000ዲ፣ 4000ዲ እና 250ዲ የፍላሽ መቀመጫቸው መሀል ላይ አብዛኛው ካሜራ ያለው ክብ የብረት ነጥብ የላቸውም፤ ካኖን አንስቶታል። ስለዚህ ቲቲ600ን የመሰለ ማንዋል (ኃይሉ በእጅ የሚስተካከል) ፍላሽ እላያቸው ላይ ጨርሶ አይበራም። ለካኖን ተብሎ የተሠራ አውቶማቲክ ፍላሽ ይፈልጋሉ፤ እሱ ደግሞ ይወደዳል። ፍላሹ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ቦዲው ላይ የተቆጠበውን ሊበላው ይችላል። ከእነዚህ ይልቅ ትንሽ ዕድሜ ያለው ግን ነጥቡ ያለው ክሮፕ ይፈልግ አለው፤ ከመክፈሉ በፊትም የፍላሽ መቀመጫውን ከላይ በስልኩ አንስቶ እዚህ ይለጥፍልን፣ አይተን እንነግረዋለን።